«ትራባሃር»ን በአማርኛ ጆሮ እናርባው

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ትሠራለች። አብረዋት ከሚሠሩት አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው። በስልኳ አፕ ስፓኒሽ መማር ከጀመረች ሰባት ወር ሆኗታል። እንዲህ ትላለች፦ «መሥራት የሚለውን ግስ፣ ትራባሃርን፣ እንዴት ነው በደንብ የማረባው? አፑ ‹ቱ ትራባሃስ› በዪ ይለኛል። እነሱ ግን ‹ቦስ› ነው የሚሉት፣ ግሱንም መጨረሻው ላይ ጫን ያደርጉታል። ማነው ትክክል? ደግሞ ባለፈው ‹ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ› ልል ፈልጌ በትራባሃር ብናገር ማንም አልገባውም። ‹ሠራሁ› እኮ ነው ያልኩት! እንግሊዝኛውን አስቤ ልተርጉም ስል ደግሞ ጭራሽ ይጠፋብኛል።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እንግሊዝኛውን ተይው። እንግሊዝኛ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፣ ለዚህ ግስ ግን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው። ስፓኒሽ ሳስተምር ዓመታት ሆኖኛል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ ግስ ላይ ስንደርስ ከሌላው ቀድመው መሮጥ ሲገባቸው ሲደናቀፉ አያለሁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አማርኛቸውን በር ላይ አስቀምጠው በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ይመጣሉ። ስፓኒሽ ግስ ላይ የሚጠይቅሽን ነገር ግን ገና አፍሽን ስትፈቺ አማርኛ አስተምሮሻል።

ምን አስተማረሽ? «ሠራሁ» ስትዪ «እኔ» ማለት አያስፈልግሽም። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሁ» ማን እንደሆንሽ ትናገራለች። ሠራህ፣ ሠራሽ፣ ሠራ፣ ሠራች፣ ሠራን፣ ሠራችሁ፣ ሠሩ። ማን እንደሠራ ከግሱ ጅራት ይታወቃል። እንግሊዝኛ ይህ ጅራት ከሞላ ጎደል ስለሌለው እኔ፣ አንተ፣ እነሱ የሚሉትን ቃላት የግድ ከፊት ያስቀድማል። ስፓኒሽ የኛ ወገን ነው። «ትራባሆ» ካልሽ «እሠራለሁ» ብለሻል፣ በቃ። «ዮ ትራባሆ» ብትዪ ስህተት አይደለም፣ ግን «እኔ እሠራለሁ» እንደማለት ነው፤ ሌላው ይቅር እኔ እሠራለሁ፣ ዓይነት። «እኔ ተነሳሁ፣ እኔ ቁርስ በላሁ፣ እኔ አውቶቡስ ያዝኩ» እያለ የሚያወራ ሰው አማርኛ ላይ እንዴት ነው የሚሰማሽ? «ዮ፣ ዮ፣ ዮ» የሚል ሰውም ለእነሱ እንደዚያ ነው የሚሰማቸው። ይህችን ነገር ያዢያት፣ ወደ ሾርባው ስንመጣ እንፈልጋታለን።

ወደ እርባታው ከመግባታችን በፊት ስለ ድምፁ ትንሽ ልበል፣ በፊደላችን ስለምጽፍልሽ። ስፓኒሽ አናባቢው አምስት ብቻ ነው። ከኛ ሰባቱ ግዕዙንና ሳድሱን አውጪ፣ የቀሩት አምስቱ እነሱ ናቸው፦ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ቦ። አዲስ የምትማሪው አናባቢ የለም። «ሃ»ዋ በማዕከላዊና በሰሜን ስፔን ከጉሮሮ የምትወጣ «ኸ» ናት፣ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ግን ልክ እንደኛ ለስለስ ባለችው «ሀ» ነው የሚሏት፣ ስለዚህ ጉሮሮሽን አታስጨንቂ። «ባ»ዋን ደግሞ እንደ «ሌባ» በያት እንጂ እንደ «አባ» አይሁን። «ሌባ» ስትዪ ልብ ብለሽ ከሆነ ከንፈርሽ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ትንፋሽ ያሳልፋል። «አባ» ላይ ግን ጠብቆ ይገጥማል። ትራባሃር ውስጥ ያለችው የሌባዋ «ባ» ናት። እና «ት» ከ«ራ» ጋር ትጣበቅ፣ መሃል ላይ «እ» አትግባ።

አሁን እርባታው። ትራባሃር መደበኛ ግስ ነው፣ ማለት ባህሪው የማይቀያየር፣ አንዴ ካወቅሽው የማይከዳሽ። መጨረሻው ላይ ያለውን «አር» ስትቆርጪው «ትራባህ» የሚል ግንድ ይቀራል። ግንዱ አይነካም፣ «ህ» ብቻ መልኳን ትቀያይራለች። እሠራለሁ፦ ትራባሆ። ትሠራለህ ወይም ትሠሪያለሽ፦ ትራባሃስ። ይሠራል ወይም ትሠራለች፦ ትራባሃ። እንሠራለን፦ ትራባሃሞስ። ትሠራላችሁ ወይም ይሠራሉ፦ ትራባሃን። አለቀ። ስፔን ውስጥ «እናንተ» ለማለት «ቦሶትሮስ ትራባሃይስ» የሚል ሌላ መልክ አለ፣ ግን አንቺ ኩሽና ውስጥ ማንም አይለውም፣ ለጊዜው ተይው። አማርኛ ላይ ወንድና ሴትን ከግሱ እንለያለን፣ ስፓኒሽ ግን እዚህ ላይ አይለይም። «ትራባሃ» እሱም ነው፣ እሷም ናት። ከኛ ቀለለ ማለት ነው።

ይህን አንዴ ከያዝሽ ኩሽና ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትሰሚያቸው ብዙዎቹ ግሶች በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ኮርታር መቁረጥ ነው፣ ላባር ማጠብ፣ ሊምፒያር ማጽዳት፣ ኮሲናር ማብሰል፣ አዩዳር መርዳት፣ ቴርሚናር መጨረስ፣ ዴስካንሳር ማረፍ። ኮርቶ፣ ላቦ፣ ሊምፒዮ፣ ኮሲኖ፣ አዩዶ፣ ቴርሚኖ፣ ዴስካንሶ። ሁሉም «እኔ» ናቸው። አንድ ግስ ተማርሽ ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ስምንት ተማርሽ።

«ቦስ»ን እንያት። አፑም ትክክል ነው፣ እነሱም ትክክል ናቸው። አፑ የሚያስተምርሽ በሜክሲኮ፣ በስፔንና በካሪቢያን አገሮች የሚነገረውን «ቱ» ነው፣ የትም ብትሄጂ ትግባቢበታለሽ። ኤል ሳልቫዶር ግን ጓደኛ ለጓደኛ «ቦስ» ይባባላል። ሆንዱራስ፣ ጓቴማላ፣ ኒካራጓ፣ ኮስታሪካ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ፓራጓይ «ቦስ» ይላሉ። የተበላሸ ስፓኒሽ ነው የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። እንዲያውም «ቦስ» በድሮው ስፓኒሽ የክብር መጥሪያ ነበር። ስፔን ውስጥ እየቆየ ጠፋ፣ የስፔን ንጉሥ እንደራሴዎች ከሚቀመጡባቸው እንደ ሜክሲኮና ሊማ ካሉ ከተሞች የራቁት አገሮች ግን ይዘው አቆዩትና የጓደኛ መጥሪያ አደረጉት። የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ወደ ዋሽንግተን አካባቢ በብዛት የመጡት በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 ነው። የኛም ሰው አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የዋሽንግተን ሰፈር ምግብ ቤት መክፈት የጀመረው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ጎረቤት ሆነን ኖረናል፣ አብረን ሠርተናል። «ቦስ»ን መማር የጎረቤትን አነጋገር መማር ነው። እኔ ብሆን አንቺ ባለሽበት ቦታ ከ«ቱ» በፊት «ቦስ»ን እይዛለሁ።

ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ፊደሉ አንድ ነው፣ ጫናው ግን ይለያያል። ከዚህ በኋላ ጫና ያለበት ፊደል ፊት ሰረዝ አደርጋለሁ። «ቱ ትራ-ባሃስ» ስንል «ባ» ላይ እንጫናለን። «ቦስ ትራባ-ሃስ» ስንል መጨረሻው ላይ። ጫን ያደርጉታል ያልሽው ይህን ነው፣ ጆሮሽ በደንብ ሰምቷል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ብዙ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች መጨረሻ ላይ የምትመጣውን «ስ» ያላሏታል። «ቦህ ትራባ-ሃህ» ሊመስልሽ ይችላል። «ስ»ን ፍለጋ አትድከሚ፣ ጫናው የት እንዳረፈ ስሚ። እና አንድ የሚያስደስት ነገር፤ ስፓኒሽ ውስጥ በአሁን ጊዜ መሃላቸው የሚቀያየር አስቸጋሪ ግሶች አሉ፣ «ቱ» ሲሆን «ፑዌዴስ፣ ኪዬሬስ» ይሆናሉ፣ «ቦስ» ላይ ግን «ፖ-ዴስ፣ ኬ-ሬስ» ብለው ግንዳቸውን ሳይቀይሩ ይሄዳሉ። ትችያለሽ፣ ትፈልጊያለሽ ማለት ነው። «ቦስ» አቅልሎልሻል።

ለትልቅ ሰው ግን «ቦስ»ም «ቱ»ም አትበዪ። «ኡስቴድ» አለልሽ። ይህ የኛ «እርስዎ» ነው፣ ሳይበዛ ሳያንስ። እንግሊዝኛ አስበሽ ብትመጪ ኖሮ ይህን ለመረዳት ሳምንት ይፈጅብሽ ነበር፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን ማንን አንቺ ማንን እርስዎ እንደሚል ሳያስብ ያውቀዋል። ግሱ «ኡስቴድ ትራባሃ» ነው፣ የ«እሱ ይሠራል» መልክ። ለምን የሦስተኛ ሰው መልክ ሆነ? «ኡስቴድ» ድሮ «ቡኤስትራ ሜርሴድ» የሚል ሐረግ ነበር፣ «ጸጋዎ፣ ቸርነትዎ» እንደማለት፤ ሰውየውን ሳይሆን ጸጋውን ነው የሚያናግሩት። የኛ «እርስዎ»ም እኮ ከ«ራስ» ነው የመጣው፣ እና እኛም ለክብር ስንል የ«እነሱ»ን ግስ ተውሰን «እርስዎ ሠሩ» እንላለን። መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ፊት ለፊት ላለማለት ዞር ማለት። ኩሽናው ውስጥ ጠና ያሉ ሴት ካሉ ስማቸው ፊት «ዶኛ» ጨምሪ፣ «እትዬ» እንደምንለው። የኤል ሳልቫዶር ሰዎች «ኒኛ» ሲሉም ትሰሚያለሽ፣ ሌላ አገር ትንሽ ልጅ ማለት ነው፣ እነሱ ግን ለትልቅ ሴት ክብር ይሉታል፣ ስትሰሚ አትደንግጪ። «ትራባሃ ማኛና?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው «ነገ ይሠራሉ?» ብለሻል።

አሁን በእውነት ልትለፊበት የሚገባሽ ነገር ላይ ደረስን። ጫናው። አማርኛ ብዙ ነገር ሰጥቶሻል ብያለሁ፣ ይህን ግን አልሰጠሽም። አማርኛ ላይ ቃል የሚለያየው በማጥበቅና በማላላት ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። ፊደሉ አያሳይም፣ ጆሮሽ ግን አንድም ቀን አይሳሳትም። ስፓኒሽ ተናጋሪ የኛን መጥበቅ ለመስማት መከራውን ያያል። የእነሱ ጫና ደግሞ ለኛ እንደዚያው ነው። ትርጉም ይለውጣል፣ እኛ ግን አንሰማውም።

ምሳሌ ልስጥሽ። «ትራ-ባሆ ኤል ዶሚንጎ» ማለት «እሁድ እሠራለሁ» ነው። «ትራባ-ሆ ኤል ዶሚንጎ» ማለት «እሁድ ሠርቷል፣ ወይም ሠርታለች» ነው። ሰውም ጊዜም ተለወጠ። የሥራ ፕሮግራም በሚወጣበት ቀን ይህን ማሳሳት ቀላል ነገር አይደለም፣ እሁድ እመጣለሁ ያልሽ መስሎሽ ስለ ሌላ ሰው ነግረሽ ትሄጃለሽ። ሌላም አለ። «ትራባ-ሄ» ሠራሁ ነው፣ «ትራ-ባሄ» ደግሞ «ይሥሩ» የሚል በክብር የሚነገር ትእዛዝ ነው። ስፓኒሽ ሲጻፍ እንደ «ትራባ-ሆ» እና «ትራባ-ሄ» ባሉት ጫናው ላይ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ፣ በስልክ መልእክት ሲጻጻፉ ግን ብዙ ሰው ይተዋታል፣ ያን ጊዜ ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚታወቀው።

እንዴት ነው የምትለማመጂው? ጫና ማጥበቅ አይደለም። ብዙ ሐበሻ ስፓኒሽ ሲናገር ጫናውን በማጥበቅ ሊያመጣው ይሞክራል፣ «ትራባሆ»ን «ሆ»ዋን አጥብቆ ይላታል፣ ለእነሱ ግን አይሰማቸውም። ጫና ማለት አናባቢዋን ትንሽ ማስረዘምና ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው። ከሩቅ ሰው ስትጣሪ የምታደርጊውን አስቢ፣ ከስሙ አንዷን ክፍል ስበሽ ከፍ ታደርጊያታለሽ። ያንን ነው። ጠረጴዛ በእጅሽ መታ እያደረግሽ በዪው፦ ትራ-ባሆ፣ ትራባ-ሆ፣ ትራ-ባሆ፣ ትራባ-ሆ። ሽንኩርት ስትከትፊም ይሆናል፣ ቢላው ጠንከር ብሎ የሚያርፈው ጫናዋ ላይ ይሁን። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ሳምንት። ሌላውን ሁሉ ብትዘልዪ ይህን አትዝለዪ።

ያለፈ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፣ ፈረንጆች የሚያለቅሱበት ቦታ እዚህ ነው፣ አንቺ ግን ሳታውቂው ታውቂዋለሽ። የመጀመሪያው «ሠራሁ» ነው፣ የተቋጨ ነገር፦ ትራባ-ሄ፣ ትራባ-ሃስቴ፣ ትራባ-ሆ፣ ትራባ-ሃሞስ፣ ትራባ-ሃሮን። «ቱ»ም «ቦስ»ም እዚህ ላይ «ትራባሃስቴ» ናቸው። «ትራባሃሞስ» ከአሁኑ ጊዜ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ እንሠራለንም ሠራንም ይሆናል፣ «አዬር» ትላንት፣ «ማኛና» ነገ የሚለው ቃል ይለየዋል። ሁለተኛው «እሠራ ነበር» ነው፦ ትራባ-ሃባ፣ ትራባ-ሃባስ፣ ትራባ-ሃባ፣ ትራባ-ሃባሞስ፣ ትራባ-ሃባን። ከግንዱ በኋላ «ባ» ስትሰሚ «ነበር» ብለሽ ቁጠሪያት። ይኸው ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ብዙ ገጽ ይጽፍበታል፣ አንቺ ግን ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ በዪው፦ «ነበር» ካመጣ «ባ»፣ ካላመጣ የመጀመሪያው። «ድሮ ፓርኪንግ እሠራ ነበር» ስትዪ «አንቴስ ትራባሃባ ኤን ኡን ፓርኬዎ» ትያለሽ። «ትላንት አስር ሰዓት ሙሉ ሠራሁ» ስትዪ «አዬር ትራባሄ ዲዬስ ኦራስ» ይሆናል። «ፓርኪንግ ሦስት ዓመት ሠራሁ» ካልሽ ደግሞ፣ ዘመኑ ቢረዝምም ተቆጥሮ ተዘግቷልና፣ አማርኛሽ «ነበር» አላለም፣ ስፓኒሹም «ባ» አይልም፦ «ትራባሄ ትሬስ አኞስ»። ሁልጊዜ መቶ በመቶ ይገጥማል አልልሽም፣ በአብዛኛው ግን ይገጥማል፣ እንግሊዝኛውን ከመከተል ደግሞ እጅግ ይሻልሻል።

ከዚህም የሚገርም አለ። «እዚህ ስሠራ ሁለት ዓመቴ ነው» እንላለን። ነገሩ ገና እየቀጠለ ስለሆነ በአሁን ጊዜ ነው የምንናገረው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሁለት ረዳት ቃል ደርድሮ ያስጨንቃል። የኤል ሳልቫዶር ሰው «ቴንጎ ዶስ አኞስ ዴ ትራባሃር አኪ» ይላል። ቃል በቃል «እዚህ በመሥራት ሁለት ዓመት አለኝ»። ሌላ አገር «ዬቦ ዶስ አኞስ ትራባሃንዶ አኪ» ትሰሚያለሽ፣ ያው ነው። ሁለቱም እንደኛ በአሁን ጊዜ። «እየሠራሁ ነው» ማለት ከፈለግሽ ደግሞ፣ ስልክ ተደውሎልሽ ለምሳሌ፣ «ኤስቶይ ትራባሃንዶ» በዪ።

የወደፊቱ ቀላል ነው። «ነገ እሠራለሁ» ለማለት እንደኛ የአሁኑን መልክ መጠቀም ይቻላል፦ «ማኛና ትራባሆ»። ወይም «ቦይ አ ትራባሃር»፣ ልሠራ ነው፣ ልሠራ እሄዳለሁ እንደማለት። የመጽሐፉ የትንቢት መልክ «ትራባሃ-ሬ» ነው፣ በንግግር ብዙም አትሰሚውም፣ ግን አፈጣጠሩን ስነግርሽ ደስ ይለኛል። «ትራባሃር» ላይ «አለኝ» የሚል ያረጀ ግስ ተለጥፎበት ነው የተሠራው። አሁን የኛን «ይሠራል» እይው፤ «ይሠራ» እና «አለ» ተጣብቀው ነው። ሁለት ቋንቋ፣ በሺህ የሚቆጠር ማይል ተራርቀው፣ ግስ ላይ «አለ»ን ለጥፈው ጊዜ ሠሩበት። ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ስለ ፍላጎትና ትእዛዝ ጥቂት ልበል። «መሥራት እፈልጋለሁ» ስንል «መ-»ን እንጠቀማለን፣ የሚፈልገውም የሚሠራውም አንድ ሰው ነው፦ «ኪዬሮ ትራባሃር»። «አለቃው ቅዳሜ እንድሠራ ይፈልጋል» ስንል ግን ሰዎቹ ሁለት ናቸው፣ «እንድ-» ትገባለች። ስፓኒሽም እዚሁ ቦታ ላይ «ኬ» ብሎ ግሱን ይቀይረዋል፦ «ኤል ሄፌ ኪዬሬ ኬ ትራ-ባሄ ኤል ሳባዶ»። «ሆ» የነበረችው «ሄ» ሆነች። «እንድ-» ካልሽ «ሄ»፣ ይህን ይዘሽ ሂጂ። ትእዛዙ ለጓደኛ «ትራባ-ሃ» ነው በ«ቦስ»፣ ለትልቅ ሰው «ትራ-ባሄ»። ከዚህ ይልቅ ኩሽና ውስጥ የምትሰሚው «አዩ-ዳሜ» ነው፣ እርጂኝ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሜ» የኛዋ «ኝ» ናት፣ እነሱም ትእዛዝ ላይ ሲሆን ከግሱ ጅራት ይለጥፏታል። ለትልቅ ሰው «አ-ዩዴሜ»፣ ይርዱኝ። እምቢታውም አይከብድሽም። «ኖ»ን ከግሱ ፊት ማድረግ ነው፣ «ኦይ ኖ ትራባሆ»፣ ዛሬ አልሠራም። «ማንም አይሠራም» ስንል «ማንም» እያለም ግሱን እንደምንክድ እነሱም «ኖ ትራባሃ ናዲዬ» ይላሉ።

ለመለማመድ አፑ ብቻውን አይበቃሽም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ህግ አውጥታለች፣ በዚህ ምክንያት ብዙ የከተማዋ ቅጾችና ማስታወቂያዎች በስፓኒሽም በአማርኛም ታትመው ይገኛሉ። ወንዙን ተሻግረሽ ዋሽንግተን ስትሄጂ አንዱን በሁለቱም ቋንቋ ውሰጂ። ጎን ለጎን አድርገሽ ግሶቹን ብቻ አስምሪባቸው። አማርኛው «ይሙሉ፣ ይደውሉ፣ ያቅርቡ» የሚልበት ቦታ ላይ ስፓኒሹ የ«ኡስቴድ»ን ትእዛዝ ያመጣል፣ «ዬኔ፣ ያሜ፣ ፕሬሴንቴ»። አንድ እንግሊዝኛ ቃል ሳይገባበት ከአማርኛ ወደ ስፓኒሽ ቀጥ ብለሽ ስትሻገሪ ይታይሻል።

ሾርባው ቀረ። እዚህ ላይ ያሳሳተሽ አማርኛ ነው፣ እሱን ብቻ ነው የምወቅሰው። የኛ «ሠራ» ሆደ ሰፊ ነው። ቢሮ ይሠራል፣ ምግብ ይሠራል፣ ቤት ይሠራል፣ ስልኩ ይሠራል ወይም አይሠራም። «ምን ሠራህ?» ብለን እንጠይቃለን፣ የምንጠይቀው ሥራ ሳይሆን ምን አደረግክ ነው። ትራባሃር ይህን ሁሉ አይሸከምም። ትራባሃር ጉልበት ማፍሰስ፣ ተቀጥሮ መዋል ነው። ቃሉ ራሱ ሰው ከሚታሰርበት ባለሦስት እንጨት የማሰቃያ መሣሪያ፣ በላቲን «ትሪፓሊዩም» ከሚባለው ነው የመጣው፣ ከዚያ መከራ ማየት፣ ከዚያ መልፋት፣ ከዚያ መሥራት ሆነ። እጅሽ የሚያሸውን ነገር ሊከተል ይችላል፣ «ትራባሃር ላ ማሳ» ሊጡን ማሸት ነው። ከእጅሽ የሚወጣውን ነገር ግን አይከተልም። ስልኩ ካልሠራ «ኖ ፉንሲዮና» ወይም «ኖ ሲርቤ» በዪ፤ እዚህ አሜሪካ «ኖ ትራባሃ» የሚሉም አሉ፣ ከእንግሊዝኛ ስለወሰዱት ነው። ቤት መሥራት «ኮንስትሩይር» ነው። ምግብ ሲሆን «ኮሲናር» ወይም «አሴር»። «አሴር» ማድረግም መሥራትም ነው፣ መደበኛ ግስ አይደለም፣ ለጊዜው «ኢሴ» ሠራሁ፣ «ኢሲስቴ» ሠራህ፣ ሠራሽ፣ «ኢሶ» ሠራ፣ ሠራች የሚሉትን ብቻ ያዢ።

መጀመሪያ ላይ «ዮ»ን ሳያስፈልግ አታስገቢ ብዬሽ ነበር። እዚህ ግን ያስፈልጋል፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉ ጎልቶ። «ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ» የምትዪው ሌላ ሰው እንዳልሆነ ለመናገር ነውና። ነገ ገብተሽ ድስቱን እያሳየሽ እንዲህ በያቸው፦ «ላ ሶፓ ላ ኢሴ ዮ»።